ልክነሽና «ስፔር» የሚለው ግስ

በከተማው ታችኛው ክፍል በሲቀላ፣ አስፋልት ዳር «ስፔር ፓርት» የሚል ጽሑፍ ሳያዩ መቶ እርምጃ መራመድ አይቻልም። ባጃጁ እንደ አሸን ፈልቷል፤ የባጃጅ መለዋወጫ ሻጩም እንደዚያው። ስለዚህ ስፔር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሹፌሩም፣ ተማሪውም፣ ከደጋ ድንች ይዛ የወረደችው ነጋዴም ይጠሩታል። ቃሉ በትውልዱ ግስ መሆኑን፣ የት እንደተወለደና በልጅነቱ ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ ግን በከተማው ከሁለት ሰው በላይ ያለ አይመስልም። አንደኛው ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር፣ ጋሼ ጥዑመልሳን ናቸው። ሁለተኛዋ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ልክነሽ ናት፤ እሷስ ባታውቀው በወደደች።

ልክነሽ ከጨንቻ በላይ ካለች ብርዳም መንደር ተወልዳ፣ በልጅነቷ ለትምህርት አክስቷ ዘንድ ሲቀላ የወረደች የጋሞ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ደርሳ ውጤት አልመጣላትም። ሆስፒታል በጽዳት ተቀጠረች፤ ከአራት ዓመት በኋላ የእጅ ጽሑፏ ቆንጆ ነው ተብሎ ካርድ ክፍል ገባች። ትዳር አንዴ ሞክራው አልሆነላትም። ከአንድ የስፔር ፓርት ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ተከራይታ ስትኖር ይኸው ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ሰው ግን ይወዳታል፤ ካርድ ክፍል ተቀምጦ በሰው መወደድ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፣ ወረፋ የጠበቀ ያውቀዋል።

ጋሼ ጥዑመልሳን ከጎጃም «ለሁለት ዓመት» ተመድበው መጥተው አርባ ዓመት የከረሙ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነላቸውም። ከከተማው ላይኛው ክፍል ሴቻ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ መውጫ በኋላ፣ ለመጣ ሁሉ እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ። አሥራ አምስት ሰው ሆኖ የተጀመረው ትምህርት በሁለተኛው ወር አምስት ሰው ቀረው፤ በስድስተኛው ልክነሽ ብቻዋን ቀረች።

አስተማሪነታቸው እንደ ማንም አልነበረም። በቀን አንድ ግስ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ግስ በደብተር ላይ ሙሉ ገጽ ይሰጠዋል፤ ገጹም ትርጉም፣ ምንጭ፣ አጠቃቀም ተብሎ በሦስት ይከፈላል። «ግስ እንደ ሰው ነው» ይሏታል። «የት እንደተወለደና ከማን ጋር እንደሚውል ሳታጣሪ ቤትሽ እንዳታስገቢው።»

አንድ ቀን ልክነሽ ራሷ ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት የተጻፈውን ስፔር የሚለውን ሳላውቀው በሩ ላይ እወጣለሁ እገባለሁ። ምንድን ነው?»

መምህሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ዕቃ ከመሆኑ በፊት ግስ ነበር» አሏት። «ከሺህ ዓመት በፊት እንግሊዞች ስፓሪያን ይሉት ነበር። መጉዳት እየቻልሽ አለመጉዳት ማለት ነው። ሰይፉ በእጅሽ ነው፣ ሰውየው እግርሽ ሥር ወድቋል፤ ትተዪዋለሽ። እያደር ለንብረትም ዋለ። ሳትጨርሺ የምታስተርፊው፣ ለክፉ ቀን የምታስቀምጪው ሁሉ ስፔር ተባለ። ጀርመኖች የዚሁን ቃል ዘመድ ይዘው እስከ ዛሬ ገንዘብ ይቆጥቡበታል። እኛ ጋ ሲደርስ የባጃጅ ፍሬን ሸራ ሆኖልሻል።»

ከአጠቃቀሙ ሥር ሦስት ዓረፍተ ነገር አጻፏት። ንጉሡ የምርኮኛውን ነፍስ ስፔር አደረገ። አምስት ደቂቃ ስፔር አድርግልኝ። ሦስተኛው፣ ሰዎቹ እናቲቱን ከክፉው ወሬ ስፔር አደረጓት የሚል ነበር፤ እንዳይከፋት ብለው ሳይነግሯት ቀሩ ለማለት። ልክነሽ ሦስተኛውን ስትጽፍ ልቧ ሞቅ አለ። ይሄማ የእኛ የሀገር ቤት ሰዎች ግስ ነው አለች በልቧ።

እንዲህ ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዘጠነኛ ክፍል እያለች የአክስቷ ባል ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «አባትሽ ትንሽ አሞት ሊያይሽ ፈልጎ ነው» ብሎ ጠራት። ጭነት መኪና ላይ አሳፍሯት ጨንቻ ሲወጡ ዳቦ ገዛላት፤ ያሾፍባታል፣ እሷም ትስቃለች። ሰፈር ደርሳ የሰውን ብዛት ስታይ ነው ነገሩ የገባት። አባቷ የሞተው በዋዜማው ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ስለዋሻት አንድም ቀን ተቀይማው አታውቅም። እንዲያውም ስታስበው እንባዋ ይመጣል፤ ለአንድ ሰዓት ተኩል ተጨማሪ አባት ያላት ልጅ አድርጓታልና።

ከውጭ ሐኪሞች በዓመት አንዴ ለሁለት ሳምንት ሲመጡ፣ ከደጋ ወርደው አማርኛ እንኳ የማይሰሙ በሽተኞች ግቢውን ይሞሉታል። ነርሶቹ ፋታ የላቸውም። አንድ ዓመት ልክነሽን ከካርድ ክፍል ጠርተው አስተርጉሚ አሏት፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው የእሷ ሆነ። ጥሩ ታስተረጉም ነበር፣ ይህን መካድ ግፍ ነው። ክፉ ነገር ሲመጣባት የራሷ ዘዴ ነበራት። ለበሽተኛው ለስለስ ያለውን ትነግረዋለች፤ ከዚያ አብሮ የመጣውን ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ወደ ግድግዳው ጥግ ጠርታ ሐኪሙ ያለውን በሙሉ ትሰጠዋለች። እሱ ይዞት ይሄዳል፤ ቤት ደርሶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ በማለዳ በወጉ ይነግራል። ሐኪሙ ሥራውን ሠራ፣ ወጉም አልተሰበረ፣ ልክነሽንም አመሰገኗት። አፏ ማር ነው ይሏት ነበር፤ እሷም ሲሏት አትጠላም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ካሱና ባሎቴ ገቡ።

ካሱ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ነው። ባሎቴ ሚስቱ ናት። ብቸኛው ልጃቸው ጌዲዮን ሥራ ፍለጋ ሞያሌ ሄዷል። የሚሰሙት ጋሞኛ ብቻ ነው። ካሱ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጥፍሩ ውስጥ የእርሻው አፈር እንዳለ፣ እንግዳው ሐኪም ፊት ተቀመጠ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሐኪሙ ወረቀቶቹን አይቶ ሲያበቃ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጉበቱ አልቋል። ልናደርግለት የምንችለው ነገር የለም። አንድ ወር ቢቆይ ነው፣ ምናልባትም ያንሳል። ቤቱ ይሁን፣ የወደደውን ይብላ፣ ማየት የሚፈልጋቸውን ሰዎች ይይ። ይሄ ኪኒን በሽታውን አያድንም፣ ለሕመሙ ማስታገሻ ነው፤ ሆዱን ካስቸገረው ይተወው።» ከዚያ ወደ ልክነሽ ዞሮ፣ በዚያው በምታውቀው ግስ፣ «እባክሽ ስፔር አታድርጊያቸው፤ ሁሉንም ንገሪያቸው» አላት።

ቃሉ አልገባኝም ነበር ብላ ለማመካኘት እንኳ ዕድል የላትም። ከእንግሊዝኛ ግሶች ሁሉ አብጠርጥራ የምታውቀው እሱን ነው።

ልክነሽ እንደ ልማዷ በዓይኗ ታላቅ ወንድም ፈለገች። አጎት ፈለገች። በር ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ እንኳ ቢኖር ብላ ዞር አለች። ማንም የለም፤ ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው የመጡት። ባሎቴ ሐኪሙን አታየውም፤ የምታየው የልክነሽን አፍ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በብረት ወንበር ላይ፣ ዘመድ በሌለበት፣ ሚስትን ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ እያለ ማርዳት! ይሄን የሚያደርግ ሰው በልክነሽ አገር አልተወለደም።

«ጉበቱ ትንሽ ተጎድቷል ይላሉ» አለች በጋሞኛ። «ይሄን ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ ሳያቋርጥ ይዋጥ። ይሻለዋል።»

ሐኪሙ ቅንድቡን አነሳ። «ያን ሁሉ ነው በዚህች የነገርሻቸው?»

«ቋንቋችን አጭር ነው» አለችው።

ባሎቴ የልክነሽን እጅ ይዛ ሳመች። «መቼ እንመለስ?» አለቻት። ሐኪሙ ስለ መመለስ አልተናገረም። ልክነሽ ግን አንዴ ገብታበታለች፤ አፏ ላይ የመጣላትን ቀን ሰጠቻት፦ «ኅዳር ሚካኤል በዋለ ማግስት።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ቢቀር ለእሷም ደግ አይደለም። ልክነሽ በዚያ ልትተወው አላሰበችም። እሑድ ኩልፎ ወርጄ ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ ፈልጌ እነግራለሁ ብላ ነበር። እሑድ ልብስ አጠበች። የሚቀጥለው እሑድ ዘነበ። ሦስተኛው እሑድ የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ክርስትና ነበር። አራተኛው ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ረስታዋለች።

ኅዳር አሥራ ሦስት ጠዋት ካርድ ክፍል ልትከፍት ስትመጣ ባሎቴ ከመስኮቱ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ገና ጎህ ሳይቀድ ከኩልፎ በእግሯ ተነስታ፣ ከሁሉ ቀድማ ተራ ይዛ ነው የምትጠብቀው። ነጠላዋ የታጠበ ነው፤ ፊቷም ደስ ብሎታል። «ካሱን ጎረቤታችን ጋሻዬ በባጃጁ ሦስት ሰዓት ላይ ያመጣዋል» አለቻት። «ተራ እንዳያልፈን ብዬ እኔ ቀደምኩ። ኪኒኑን አንዲት ሳላጓድል አውጬዋለሁ።»

ልክነሽ በሩን ከፍታ ገባች። የካሱ ቀጠሮ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም፤ እንግዳው ሐኪምም አገሩ ከገባ ሰንብቷል። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የወረፋ ቁጥር ቆርጣ ሰጠቻት። አንድ ቁጥር።

ባጃጁ መጣ፤ ሦስት ሰዓት ሳይሆን አራት ሰዓት ላይ። ጋሻዬ ብቻውን ነበር። ፊቱን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወደ አግዳሚው መጣ። «ባሎቴ፣ ካሱን ዛሬ ትንሽ ደከም አድርጎታል» አላት። «ነይ፣ ቤት ደርሰሽ ብታይው ይሻላል።» ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ እንዲያውም ፈገግ ብሏል። ልክነሽ ከመስኮቱ ጀርባ ሆና ያን ድምፅ ሰማች፤ ወዲያውም አወቀችው። ዳቦ የገዛላት ሰው ድምፅ ነው።

ባሎቴ ግን አላወቀችውም። ቁጥሯን በመስኮቱ ቀዳዳ አሾልካ ለልክነሽ ሰጠቻት። «ይዤው እመለሳለሁ» አለቻት፤ «ተራዬን ያዥልኝ።»

ለቅሶ ቤት ልክነሽ ሄዳለች። ሳትሄድ ብትቀር ምን ያህል በተሻላት። ባሎቴ ከሰው ሁሉ ለይታ አቀፈቻት፤ «ለካሱዬ የደከመችለት ይቺ ናት!» ብላ ለለቀስተኛው አሳየቻት። ጌዲዮን ከሞያሌ የደረሰው በሰልስቱ ነው፤ እሱም ጉልበቷን ስሞ አመሰገናት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ማለት ይቻላል፣ በጋሻዬ ባጃጅ ወደ ካርድ ክፍል ሙዝ ይመጣል። ባሎቴ ልካው ነው። ኩልፎ ዳር ከበቀለው ሙዝ ሁሉ ቆንጆውን መርጣ ነው የምትልከው። ልክነሽ ለጽዳት ሠራተኞቹ ታድለዋለች። እሷ አንዲት ፍሬ ቀምሳ አታውቅም፤ ሙዝ ጨጓራዬን ያመኛል ትላለች። አስተርጉሚ ሲሏትም ጆሮዬ አይሰማም ማለት ጀመረች።

እየቆየ ያቃጠላት ነገር ደግሞ ይሄ ነው። ስለ እሷ አባት የተዋሸው ከሞተ በኋላ ነበር። መርዶ የሚደበቀው ስለ ሞተ ሰው ነው፤ ሟቹ ከዚህ በኋላ የሚያጣው ቀን የለውም። ካሱ ግን በሕይወት ነበር። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። እሷ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ነው መርዶ የደበቀችው። ይሄን ልዩነት አንድም ሰው ያስተማራት የለም፤ ብታስበው ግን ይገባት ነበር፣ አላሰበችም።

ባለፈው የካቲት ጋሼ ጥዑመልሳንን ልትጠይቅ ሴቻ ወጣች። ዓይናቸው ደክሟል፤ ማንበብ አይችሉም። የድሮውን የግስ ደብተር አምጪና አንብቢልኝ አሏት። ገጽ በገጽ ስታነብላቸው ስፔር የሚለው ላይ ደረሰች። ትርጉሙን አነበበች፣ ምንጩን አነበበች። አጠቃቀሙ ላይ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ጋ ስትደርስ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘጋችው።

«ምነው?» አሏት።

ለማንም ያልነገረችውን ሁሉ ነገረቻቸው። መምህሩ መሬት መሬቱን እያዩ ሰሟት። ያጽናኑኛል ብላ ነበር፤ አላጽናኗትም።

«ያን ቀን ሰይፉ በማን እጅ ነበር?» አሏት።

«በእኔ።»

«ከጉዳት ያተረፍሽው ማንን ነው?»

ልክነሽ ብዙ አላሰበችም፤ መልሱን ካወቀችው ሦስት ዓመት ሆኗታል። «ራሴን» አለች። «ስትጮህ እንዳላይ ብዬ ነው፣ ጋሼ። ያዘንኩት ለራሴ ነው።»

«እንግዲያ ሂጂና ሥራሽን ጨርሺ» አሏት። «አስተርጓሚ ነሽ፤ ያልደረሰ ቃል አለብሽ።»

በማግስቱ ቅዳሜ ልክነሽ ኩልፎ ወረደች። ባሎቴ ሙዙ መካከል ሆና የደረቀውን ቅጠል በማጭድ ትቆርጣለች። ስታያት ማጭዱን ጥላ እየሮጠች መጣች፤ ቅጠል አንጥፋ አስቀመጠቻት። ሙዝ ልትቆርጥላት ስትነሳ ልክነሽ በነጠላዋ ጫፍ ያዘቻት።

«ቁጭ በይ። ያኔ ሐኪሙ ያለውን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ አስተረጎመች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳታለሰልስ፣ አንድ ሳታስቀር፣ አንድ ሳትጨምር፣ እሱ በተናገረበት ቅደም ተከተል አስተረጎመች። ጉበቱ አልቋል። አንድ ወር ቢቆይ ነው። የወደደውን ይብላ። ማየት የሚፈልጋቸውን ሰዎች ይይ። ኪኒኑ አያድንም፤ ሆዱን ካስቸገረው ይተወው። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ፤ ቀጠሮውንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

 ልክነሽ እርግማን ጠበቀች፤ ጥፊም ቢሆን ትቀበል ነበር፣ እንዲያውም ተመኘችው።

«ሆዱን ካስቸገረው ይተወው ነው ያለው?» አለች ባሎቴ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ይተወው አለ?»

«ይተወው ብሏል።»

ባሎቴ እጆቿን አየቻቸው። «ኪኒኑ ያስታውከው ነበር» አለች። «በቀጠሮው ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ። ጠዋት ልወጣ ስል፣ ባሎቴ፣ ለዛሬ እንኳ ተዪኝ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ አለኝ። እኔ ደግሞ ተራ ያልፈኛል ብዬ ቸኩያለሁ። አገጩን ይዤ በግድ አዋጥኩት። ሞት አምሮህ ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። የሚቀጥለውን ሳትውጥ ብትመጣ ወዮልህ አልኩት።» እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አላልኩትም። የመጨረሻው እሱ ነው።»

ልክነሽ አለቀሰች። ባሎቴ ግን አላለቀሰችም። ተነስታ ማጭዷን አነሳች፤ ያቆመችበት ጋ ሄዳ የደረቀውን ቅጠል መቁረጥ ቀጠለች። ሁለት ሦስት ግንድ ካጸዳች በኋላ፣ ዞር ሳትል ተናገረች።

«ከእንግዲህ ሙዝ አልልክም።»

«እሺ» አለች ልክነሽ።